ስለረጨ ብቻ ደህና ነው አይባልም

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የመኪና ገጻችሁን አዘውትሬ አነባለሁ፤ አብዛኛው ነገር ይመቸኛል። ሰሞኑን ስለ ናፍጣ ሞተር ጭስ የወጣው ምክር ግን አልዋጥልኝ አለ። ነገሩ ስለ ኖዝል፣ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ስለምትረጨው ዕቃ ነው። ባጭሩ "መኪናው ካጨሰ ኖዝሎቹን አስፈቱ፣ መሞከሪያ ላይ ይታሰሩ፣ የሚረጨውን መልሱት፣ የማይረጨውን ቀይሩት" ነው የሚለው። በቃ፣ አለቀ።

በሁለቱም በኩል ልክ አይደለም። የሚረጭ ኖዝል ፒስተን ሊበሳ ይችላል። የማይረጭ ኖዝል ደግሞ ታጥቦና ተስተካክሎ ገና ብዙ ዘመን ሊያገለግል ይችላል። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ኖዝል ስፈትሽ የምውል ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ደብዳቤዬ ረዘም ቢልባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ግን እባካችሁ አትቁረጧት።

ኖዝል ትንሽ ዕቃ ናት፣ ሥራዋ ግን ቀልድ አይደለም። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዷ ኖዝል በደቂቃ 1000 ጊዜ ትከፈታለች፣ 1000 ጊዜ ትዘጋለች። ውስጧ ያለችው መርፌ ከቤቷ ጋር ያላት ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ እንግዲህ አስቡት። ለዚህ ነው መርፌና ቤቷ አንድ ላይ ተሞርደው፣ ተጣጥመው የሚወጡት። የአንዷን መርፌ ለሌላዋ ቤት መስጠት አይቻልም። ስድስት ኖዝል ፈትቶ መርፌዎቹን አንድ ሳህን ውስጥ የሚያቀላቅል ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ መሞከሪያው ልምጣ። የእጅ ማንሻ ያላት ትንሽ ፓምፕ ናት። የዘይት መያዣ አላት፣ የግፊት ጌጅ አላት፣ ጌጁን የሚዘጋ ቫልቭ አላት፣ ከዚያ አጭር የብረት ቱቦ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ኖዝሏ ከነመያዣዋ ትታሰራለች። ምንም ምሥጢር የለውም። ኤሌክትሪክ እንኳ አትፈልግም። እንዲህ ቀላል ስለሆነች ነው መሰለኝ ማንም ማንሻውን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርጎ "ይረጫል፣ ደህና ነው" የሚለው።

ውስጧ ስለሚገባው ፈሳሽም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቦታ ከታንከር የተቀዳ ናፍጣ ነው የሚጨመርባት። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚዘጋጅ የመሞከሪያ ዘይት አለ፤ መለኪያው አይኤስኦ 4113 ይባላል። ጥቅሙ ውፍረቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 2.5 ሴንቲስቶክ። ናፍጣ ግን እንደመጣበት ይለያያል፤ የአውሮፓው ደረጃ ራሱ ከ2.0 እስከ 4.5 ድረስ ይፈቅዳል። በቀጭን ናፍጣ የሞከርከው ኖዝል ያፈሳል፣ በወፍራሙ ስትሞክረው ደህና ይሆናል። ታዲያ የቱን ልታምን ነው? ኬሮሲን የሚጨምሩም አይቻለሁ። እሱስ ሲረጭ እንደ ጉም ሆኖ ክፍሉን ይሞላዋል፤ አንድ ብልጭታ ካገኘ አለቀ።

የመጀመሪያው ፈተና የመክፈቻ ግፊት ነው። ጌጁን ዘግቶ ማንሻውን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ጥቂት ጊዜ በመጫን ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይወጣል። ከዚያ ጌጁ ይከፈትና ማንሻው ቀስ ተብሎ ይጫናል። የጌጁ ቀስት ይወጣል፣ ይወጣል፣ የሆነ ቦታ ሲደርስ ኖዝሏ ትከፈትና ቀስቱ ይወድቃል። ከመውደቁ በፊት የደረሰበት ቁጥር ነው የሚፈለገው። ቅድመ ክፍል (ናፍጣው መጀመሪያ የሚረጭባት ትንሽ ክፍል) ያላቸው የድሮ ሞተሮች ላይ የሚገቡት ባለ አንድ ቀዳዳ ኖዝሎች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ባለው መካከል ይከፈታሉ። በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጩት ባለ ብዙ ቀዳዳዎቹ ከ180 እስከ 250 አካባቢ ናቸው፣ ከዚያ የሚያልፉም አሉ። ትክክለኛው ቁጥር ግን የሚገኘው ከሞተሩ መጽሐፍ ነው። "ሁሉንም 200 ላይ እናደርገዋለን" የሚል ባለሙያ ባለሙያ አይባልም።

ቁጥሩ ከወረደ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ መርፌዋን ተጭኖ የሚዘጋት የሞላው (የጥምዝምዙ ብረት) ነው። ሞላ ሲሠራ ይደክማል። ስለዚህ አዲስ ሞላ ሲገባ ከታዘዘው ትንሽ ከፍ፣ 10 ባር ያህል ከፍ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሲሠራ ራሱ ወርዶ ቦታውን ይይዛል። ማስተካከያው አንዳንዱ መያዣ ላይ ቡሎን ነው፣ አብዛኛው ላይ ግን ከሞላው ጫፍ የምትገባ ስስ ሮንዴላ ናት። የ0.05 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንደ ሞላው ዓይነት ከ3 እስከ 5 ባር ያንቀሳቅሳል። ይህን ማስተካከል ማለት እንግዲህ አንዲት ሮንዴላ መቀየር ማለት ነው። የእናንተ ምክር ላይ ግን ይህች ኖዝል ወይ "ትረጫለች" ተብላ እንዳለች ትመለሳለች፣ ወይ ተጥላ አዲስ ይገዛላታል። መሀሉ ጠፋ።

ግፊቷ የወረደ ኖዝል ቀድማ ትከፍታለች፣ ጠብታዋ ወፍራም ይሆናል፣ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ያጨሳል። ግፊቷ ከልክ በላይ የወጣች ደግሞ ዘግይታ ትከፍታለች፤ ጠዋት ማስነሳት ያስቸግራል። አንድ ሞተር ላይ ያሉት ሁሉ ደግሞ ቁጥራቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዷ 190፣ ሌላዋ 230 ከሆነች እያንዳንዷ ለብቻዋ ደህና ብትመስልም ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ) ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ፈተና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ማንም የማይታገሰውም እሱ ነው። የመቀመጫ ፈተና። የኖዝሏ ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ግፊቱ ከመክፈቻው ከ10 እስከ 20 ባር ዝቅ ብሎ እዚያው ይያዛል። ከዚያ 10 ሰከንድ ትጠብቃላችሁ። 10 ሰከንድ ስትባል አጭር ትመስላለች፣ ማንሻ ይዛችሁ አንዲት ጫፍ ላይ አፍጥጣችሁ ስትቆሙ ግን ረጅም ናት። ጫፏ ወዝ ሊያወጣ ይችላል፣ እሱ ችግር የለውም። ጠብታ ሆኖ ከወረደ ግን ወድቃለች። ብቻ አንድ ጠብታ!

ምን ታደርጋለች አንዲት ጠብታ? መርጫው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሲሊንደሩ ውስጥ ትንጠባጠባለች። ሳትበተን የገባች ነዳጅ በደንብ አትቃጠልም። ከፊሏ ጭስ ሆና ትወጣለች፣ ከፊሏ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዳ የሞተሩን ዘይት ታቀጥናለች፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስታወጡ ዘይቱ ጨምሮ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተታችሁ ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዷ እሷ ናት። ከፊሏ ደግሞ እዚያው ኖዝሏ ጫፍ ላይ ትነድና ጥቀርሻ ትሠራለች። ፒስተኑ አናት ላይ አንድ ቦታ እያነጣጠረች የምትነድ ከሆነች ብረቱን እስከማቅለጥ ትደርሳለች። ይህች ኖዝል መሞከሪያ ላይ አስራችሁ ማንሻውን ጫን ብታደርጉት አሳምራ ትረጫለች። መጀመሪያ ላይ "የሚረጭ ኖዝል ፒስተን ሊበሳ ይችላል" ያልኩት ይህችን ነው።

ለምን እንደምታንጠባጥብ ማወቅም ይጠቅማል። የመርፌዋ ጫፍ ሾጣጣ ነው፣ የምትቀመጥበትም ሾጣጣ ጎድጓዳ ነው፤ ግን የሁለቱ ማዕዘን ሆን ተብሎ በጥቂቱ እንዲለያይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። በዚህ ምክንያት የሚነካኩት በሰፊ ገጽ ሳይሆን ክብ ሆና በምትዞር አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ነው። ያቺ መስመር ናት ግፊቱን ሁሉ የምትዘጋው። አሁን በመካከሏ ዝገት ወይ አሸዋ ገብቶ ብትጫር ማንጠባጠብ ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ ነገር የሚመጣው። መርፌዋን በቫልቭ መሞረጃ ቅባት እየቀቡ ቤቷ ውስጥ እያዞሩ "ሞርጄ አስተካከልኳት" የሚሉ አሉ። ለጊዜው ትይዛለች። ግን ቀጭኗ መስመር ሰፊ ቀለበት ሆነች፤ ማዕዘኑ ጠፋ። ቅባቱ ደግሞ ወደላይ ወደ መርፌዋ ግንድ ከወጣ ያንን የማይክሮን ክፍተት ይበላዋል። እንዲህ የተደረገች ኖዝል ከጋራዡ በር ወጥታ ብዙ ሳትቆይ ትመለሳለች። መቀመጫዋ የተበላሸ ኖዝል ወይ ለዚያ የተሠራ ማሽን ያለው ቦታ ትሄዳለች፣ ወይ ትቀየራለች። በእጅና በቅባት የሚድን ነገር የለም።

ሦስተኛው ድምፅና ርጭት ነው። ጌጁ ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ቀስቱ እየተንቀጠቀጠ ጌጁ ራሱ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ የምታነቡት ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው። ማንሻው በሰከንድ አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ሲጫን ደህና ኖዝል ጠር ጠር የሚል የመንጣጣት ድምፅ ታሰማለች። መርፌዋ በነፃነት እየተነሣችና እየተቀመጠች መሆኑን የሚናገረው ያ ድምፅ ነው። እጅ ላይም ይሰማል፤ ማንሻው መዳፍ ውስጥ ይርገበገባል። ድምፁ ከጠፋና ዝም ብላ ፊሽ ካለች መርፌዋ ተጣብቃለች ወይ መቀመጫዋ ሰፍቷል። ይሁንና ሁሉም ኖዝል በአንድ ፍጥነት አይጮህም። አንዳንዶቹ ባለ ብዙ ቀዳዳዎች ማንሻው ፈጠን ሲል ነው የሚንጣጡት፤ አንዳንዶቹ ያገለገሉት ደግሞ በመካከለኛው ፍጥነት ዝም ብለው ቀስ ሲልና ሲፈጥን ይጮሃሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛዋን ጥሏት ያርፋል።

ርጭቱም እንዲሁ ነው። ባለ አንድ ቀዳዳዋ ሾጣጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ወደ ጎን የማያዘነብል ጉም መስጠት አለባት። በውስጡ ወፈር ያለ ክር የሚመስል ነገር ካለ ጥሩ አይደለም። ባለ ብዙ ቀዳዳዋ ላይ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ፣ ርጭቶቹንም ቁጠሩ፤ ካልገጠመ የተደፈነ አለ። ርዝመታቸውም እኩል መሆን አለበት። እዚህም ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ መጀመሪያ ላይ ነዳጁን ቆጥበው እንዲሰጡ ተደርገው የተሠሩ ባለ አንድ ቀዳዳ ኖዝሎች አሉ። እነሱ ማንሻው ቀስ ሲባል ርጭታቸው የተበጣጠሰና የማያምር ነው። ፈጠን ሲባል ነው የሚሰበሰበው። አፈጣጠራቸው ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

አራተኛው የመመለሻ ፍሳሽ ነው፤ በመርፌዋና በቤቷ መካከል ሾልኮ ወደኋላ የሚመለሰው ማለት ነው። ግፊቱን ከመክፈቻው በታች አድርጎ መልቀቅና ቀስቱ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደወሰደበት መቁጠር ነው። ከታዘዘው ቀድሞ ከወረደ መርፌዋ ተበልታለች። ጨርሶ አልወርድ ካለም ደስ አይበላችሁ፤ ትንሽ ማለስለሻ ነዳጅ ማለፍ አለበት፣ ካላለፈ መርፌዋ ደርቃ ትጣበቃለች። በዚህኛው ብዙ አልቆይም። አስቀድሞ ግን የቱቦው ማሰሪያዎች እንደማያፈሱ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ የሚያፈሰውን በኖዝሏ ላይ የሚያሳብብ ብዙ ነው።

መታጠቧን ደግሞ እንዳትረሱ። ጥቀርሻ የያዘችን ኖዝል ሳያጥቡ ፈርዶባት መጣል ስንፍና ነው። ከመታጠቧ በፊት አንድ ጊዜ መሞከር ጥሩ ነው፣ ምን ሆና እንደመጣች እንዲታወቅ፤ ከታጠበች በኋላ እንደገና። የጫፏ ጥቀርሻ በነሐስ ብሩሽ ነው የሚነሣው። የብረት ብሩሽ ቀዳዳዎቹን ይፍቃል። ቀዳዳዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ ለልካቸው የተሠራ ቀጭን ሽቦ አለ፤ የልብስ መርፌ የሚያስገባ ሰው እጁን ይሰብስብ። ከዚያ በንጹሕ የመሞከሪያ ዘይት ውስጥ እንደተነከረች መርፌዋ ቤቷ ውስጥ ትገባለች። ሲሶዋን ብቻ ወደ ውጪ ጎተት አድርጋችሁ ኖዝሏን ወደ ቁም አዘንብላችሁ ስትለቋት በራሷ ክብደት ቀስ ብላ፣ ሳትደናቀፍ ተንሸራታ መውረድ አለባት። መርፌዋን ትንሽ አዙሮ መድገም ነው። አንድ ቦታ ቆም ካለች ወይ ቆሻሻ አለ ወይ ተጎድታለች። የምትሠሩበት ሞርሳ አጠገብ ሰው ብረት እየሞረደ ከሆነ ይህን ሁሉ ባትጀምሩት ይሻላል።

ሲታሰርም ልክ አለው። የኖዝሏን ማቀፊያ ነት በጉልበት የሚያጠብቅ አለ፤ ቤቷ በማይክሮን ቢጣመም መርፌዋ ትያዛለች። ጠረጴዛ ላይ ስትንሸራተት የነበረችው ከታሰረች በኋላ አልንጣጣ ካለች መጀመሪያ ነቱን ላላ አድርጎ በመለኪያ ቁልፍ በታዘዘው ልክ ማሰር ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ ስትመለስ ከሥሯ የምትገባዋ የመዳብ ሮንዴላም አዲስ መሆን አለባት። አሮጌዋ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀርና በላይዋ አዲስ ይደረባል፤ ያኔ ኖዝሏ ከቦታዋ ወደኋላ ትቀራለች፣ ርጭቱም ያልታሰበበት ቦታ ያርፋል። ባትሪ ይዞ ጉድጓዱን ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ባለመኪናው ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። "ኖዝል ተሞክሯል" የሚል ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። ወረቀት ጠይቁ። ለእያንዳንዷ ኖዝል፣ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነች ጭምር፣ ሲመጣ የመክፈቻ ግፊቷ ስንት ነበር፣ አንጠባጠበች ወይስ ያዘች፣ ርጭቷ እንዴት ነው፣ ስንት ሰከንድ ያዘች፣ ከሥራ በኋላስ ስንት ሆነች? ይህን መጻፍ የማይፈልግ ሰው አልለካም ማለት ነው። ከተቻለም ቁማችሁ እዩ። ማንሻው ላይ ያለ ባለሙያ አጠገቡ ቆማችሁ ስትጠይቁት ቅር የሚለው ከሆነ ምክንያት አለው። የተቀየሩትንም አሮጌዎቹን ውሰዱ።

አንድ ሹፌር ስድስቱንም ኖዝል ሌላ ጋራዥ አስቀይሮ ጭሱ አልለቅ ብሎት መጣ። አዲሶቹን ፈትቼ ሞከርኳቸው፤ ንጹሕ። ቁጥራቸውም እኩል ነው። አሮጌዎቹስ አልኩት፤ "ጣሏቸው" አለኝ። ምን እንደነበሩ የሚናገር ወረቀት የለ፣ ዕቃው የለ። መኪናውን አስነሥቼ ረዳቱ ነዳጅ እንዲሰጠው አድርጌ ከሥር ገባሁ። ከተርቦው (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ ከሚያስገባው) የሚወጣው የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ሥር ጣት የምታስገባ ያህል ተቀዷል። ሚኒሞ ላይ ተገጣጥሞ ስለሚዘጋ አይታይም፤ ነዳጅ ሲሰጠው አፉን ከፍቶ አየሩን ሁሉ ያፈሰዋል። ነዳጁ በልኩ ይገባል፣ አየሩ የለም፣ ምን ያድርግ፣ ያጨሳል። ጥፋቱ ያለው ቱቦው ጋ ነው፤ ሰውየው የከፈለው ግን ለስድስት ኖዝል ነው።

ስለዚህ ጥቁር ጭስ ሲባል መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ፣ ከዚያ የአየር ቱቦዎች፣ ከዚያ ነው ወደ ኖዝል የሚኬደው። ነጭ ጭስ ከሆነ፣ በተለይ ጠዋት፣ ካንዴሌታውን (ሲሊንደሩን ለማስነሳት የሚያሞቀውን) እና የሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን፣ አየሩን የሚያምቅበትን ኃይል፣ ማየት ይቀድማል። ኖዝሎቹ በእርግጥ ተበላሽተው ከሆነም ለምን ተበላሹ የሚል ጥያቄ አለ። ውኃ የገባበት ናፍጣ፣ ጊዜው ያለፈ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ውስጡ የዛገ ታንከር። ያንን ሳያስተካክሉ አዲስ ኖዝል ማስገባት ለሚቀጥለው ጥገና ቀጠሮ መያዝ ነው።

አሁን ስለ እጅ። ምክራችሁ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አልነበረም። ከኖዝል የሚወጣው ርጭት ቆዳ ይበሳል። ለመብሳት 200 ባር እንኳ አያስፈልገውም፤ ከዚያ እጅግ ያነሰ ግፊትም ይበቃዋል። ጓንትም አያድንም። የሚያሳስተው ነገር መጀመሪያ ላይ ብዙ አለማመሙ ነው። ጣት ላይ መርፌ የነካት የምትመስል አንዲት ነጥብ ትታያለች፣ ሰውዬው ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ነዳጁ ግን ውስጥ ገብቶ በጅማቶቹ መንገድ ወደ መዳፍ እየሄደ ነው። ከሰዓታት በኋላ እጁ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ሕመሙ አያስተኛም። ይህ ቁስል ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ድንገተኛ ነው፤ ናፍጣው ከገባ በኋላ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከተከፈተና ከታጠበ ጣቱ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው፣ ከዘገየ መቆረጥ ይመጣል። ሐኪም ቤት ስትደርሱ "ብረት ወጋኝ" አትበሉ። "በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ እጄ ውስጥ ገባ" በሉ። እንዲህ ካልተባለ በቀር ነጥቧን አይቶ ፕላስተር ለጥፎ የሚመልስ ይኖራል።

ስለዚህ ርጭቱን በእጅ የሚሞክር፣ ጣቱን ከጫፏ ሥር አድርጎ "ጠንካራ ነው" የሚል ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ኖዝሏ የምትረጨው የመስተዋት ወይም ሌላ የሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ነው፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል፣ ጉሙን የሚስብ ነገር ይኖራል፣ ሲጋራ የሚባል ነገር እዚያ አካባቢ አይታሰብም።

ይህ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ደግሞ ለድሮው ዓይነት፣ ፖምፓው በየቱቦው ግፊት እየላከ በሞላ ለሚዘጉ ኖዝሎች ነው። ከ1997 ጀምሮ የቤት መኪኖች ላይ የገባው ኮመን ሬል፣ ለሁሉም ኖዝሎች አንድ የጋራ የግፊት ቱቦ ያለው ዓይነት፣ ሌላ ዓለም ነው። ግፊቱ የመጀመሪያዎቹ ላይ 1350 ባር ነበር፤ አሁን 2000 አልፎ 2500 የደረሰ አለ። እዚያ ላይ መርፌዋ የምትከፈተው በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። በእጅ ማንሻ አስራችሁ "አልረጨም፣ ሞቷል" ማለት የማይናገር ሰው ስልክ ስላልደወለ ሞቷል ብሎ እንደመፍረድ ነው። ለእሱ የሚሆነው በኤሌክትሪክ የሚያዝ፣ ግፊቱን እያፈራረቀ የሚሰጠውንም የሚመለሰውንም የሚለካ መሞከሪያ ነው። መኪናው ላይ እንዳለ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ይቻላል፤ የየኖዝሉን የመመለሻ ቱቦ ነቅሎ መለኪያ ባላቸው ጠርሙሶች ላይ መክተትና ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ማስነሣት። ከሌሎቹ በጣም በልጦ የሞላው ጠርሙስ የትኛው ኖዝል ውስጥ ለውስጥ እንደሚያፈስ ያሳያል። አዲስ ሲገባም ብዙዎቹ ላይ አናታቸው ላይ የታተመ ኮድ አለ፣ ያ ኮድ በኮምፒውተሩ ውስጥ ካልገባ ሞተሩ ልክ አይሠራም።

እንግዲህ አትቁረጡብኝ ያልኳት ይህች ናት። በጽሑፋችሁ መጨረሻ "ሞተሩ እየሠራ የየኖዝሉን ቱቦ አንድ በአንድ አላሉ፣ ስታላሉት ድምፁ ያልተለወጠው ኖዝል ነው የታመመው" የምትል አጭር ምክር አለች። በድሮው ሞተር ላይ የታወቀ ዘዴ ነው፤ እዚያም ቢሆን ጨርቅ ከልሎ፣ እጅና ፊት አርቆ ነው የሚሠራው። ኮመን ሬል ላይ ግን ሞተሩ እየሠራ ቱቦ ማላላት ከ1000 ባር በላይ በሆነ ናፍጣ ፊት መቆም ነው። ጠፍቶም ቢሆን አምራቹ ያዘዘውን ያህል ደቂቃ ሳይጠብቁ መፍቻ አይነካም። ጽሑፋችሁ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ አልለየም። ዛሬ መንገድ ላይ ያለው የናፍጣ መኪና አብዛኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም፣ እዚያው ገጽ ላይ፣ በሚታይ ፊደል አርሙት።

የኖዝል ፈታሽ፣ ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ